በሽታን መደበቅና ትክክለኛውን መድኃኒት ማግኘት



በቋንቋችን ውስጥ «ልብ» የሚለው ቃል ብዙ ሸክም የተሸከመ ቃል ነው። አስተዋዩን ሰው ልብ ያለው እንለዋለን፤ ቸልተኛውን ልብ አድርግ ብለን እንመክረዋለን፤ ደፋሩን ልበ ሙሉ፣ ደጉን ልበ ቀና እያልን እንጠራዋለን። በደረታችን ውስጥ ሌት ከቀን ያለ ዕረፍት ደም የሚረጨውን ሥጋዊውን ልብ ግን ብዙ ጊዜ የምናስታውሰው ሥራው ሲታወክ ብቻ ነው። አንድ ሰው ልቡ ያለ ምክንያት ሲሮጥ፣ ሲዘል፣ ደግሞም ለአፍታ የቆመ ሲመስለው፣ እስከዚያች ቀን ድረስ የራሱ ያህል ይተማመንበት የነበረው ነገር እንግዳ ይሆንበታል።

የልብ ምት መዛባት ከሕክምናው በተጨማሪ አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ያስነሣል። ለብዙ ዓመታት፣ ምናልባትም ዕድሜ ልክ፣ መድኃኒት እየወሰደ የሚኖር ሰው፣ ሐኪሙና ቤተሰቡ እርስ በርሳቸው እውነቱን የመነጋገር ግዴታ አለባቸውን? ካለባቸውስ እስከ ምን ድረስ? አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ይህ ምሳሌያዊ ንግግር በዚህ ሕመም ላይ ቃል በቃል እንደሚፈጸም፣ መደበቅም የበሽተኛው ብቻ ጥፋት እንዳልሆነ ከዚህ በታች ለማሳየት እንሞክራለን።

ነገሩን ለመረዳት ከልብ አሠራር መነሣት ያስፈልጋል። በደቡባዊው አዲስ አበባ የሚገኘው የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከስሙ ከፊሉን ያገኘው ያለ ሽቦ መልእክት ከሚያስተላልፈው ከሬዲዮ ቴሌግራፍ ነው፤ ሕዝቡ ያንን አዲስ ነገር ሲያይ በራሱ ቋንቋ የነፋስ ስልክ አለው። የሰው ልብም በዓይን በማይታይ የኤሌክትሪክ መልእክት ይሠራል። በልብ የቀኝ ላይኛ ክፍል ካለች አንዲት ትንሽ ስፍራ የሚነሣው መልእክት፣ ሰውየው ዐርፎ ባለበት ሰዓት በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ልብን ያስመታል፤ በአንድ ቀን ውስጥ ድምሩ ወደ 100,000 ይጠጋል። ይህን መልእክት በመስመር ሥዕል ለማየት ያስቻለውን መሣሪያ ያበጁት የሆላንዱ ምሁር ዊለም አይንትሆቨን ናቸው። እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1905 ሆስፒታል ውስጥ ካለ በሽተኛ የተገኘውን የልብ መልእክት በስልክ ሽቦ አማካይነት 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ቤተ ሙከራቸው አስተላልፈዋል፤ በ1924ም የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ዛሬ ኢ.ሲ.ጂ. እየተባለ የሚጠራው ምርመራ የዚያ ሥራ ፍሬ ነው።

ከልብ ምት መዛባት ዓይነቶች ብዙውን ጊዜ በሕክምና የሚያጋጥመው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው ነው። በዚህ ሕመም የልብ ላይኛ ክፍሎች በሥርዓት መጨማደዳቸውን ትተው ይርገበገባሉ። ደሙም በዚያ ስለሚዘገይ ሊረጋ ይችላል፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ያስከትላል፤ ሰውን በአንዲት ቅጽበት ከንግግርና ከእጅ ሥራ ይለያል። በአሜሪካ ፍራሚንግሃም በተባለች ከተማ ለብዙ ዓመታት የተካሄደው ጥናት እንዳመለከተው፣ ይህ የምት መዛባት በስትሮክ የመያዝን ዕድል ወደ አምስት እጥፍ ያህል ያሳድገዋል፤ ሕመሙ ከሩማቲክ የልብ ሕመም ጋር ሲደመር ደግሞ ወደ 17 እጥፍ ያህል ይደርሳል።

ለአገራችን ቁም ነገሩ ይህ ሁለተኛው ነው። በሀብታሞቹ አገሮች ኤትሪያል ፊብሪሌሽን በአብዛኛው የሽማግሌዎች ሕመም ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ ግን በልጅነት ከታመመ ጉሮሮ የሚነሣ የወጣቶችም ሕመም ነው። ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ተሕዋስ የሚመጣ የቶንሲል ሕመም በጊዜው በፔኒሲሊን ካልታከመ፣ የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ የልብን በሮች፣ ማለትም ቫልቮችን ሊያጠቃ ይችላል። በሩ ሲጠብብ ከበስተጀርባው ያለው የልብ ክፍል ይለጠጣል፤ ምቱም ይዛባል። እንጥል ማስቆረጥ ለዚህ መፍትሔ አይሆንም፤ ሌላ ቁስል ይጨምራል እንጂ። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ14 አገሮች በ3,343 የሩማቲክ ልብ ሕሙማን ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ የበሽተኞቹ መካከለኛ ዕድሜ 28 ዓመት መሆኑን፣ ከመቶ 66ቱም ሴቶች መሆናቸውን ገልጿል። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር የአፍሪካ የልብ ሐኪሞች በዚሁ በከተማችን፣ በአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት ተሰብስበው ይህን ሕመም ከአህጉሪቱ ለማጥፋት የሚያስችሉ ሰባት ተግባራትን ያቀፈ ሰነድ አዘጋጁ፤ ሰነዱም በአዲስ አበባ ስም ይጠራል። እንግዲህ ስለዚህ ሕመም ስንናገር ስለ ራሳችን ጎረቤት መናገራችን ነው።

ታዲያ ትክክለኛው መድኃኒት የትኛው ነው? አንባቢ ይህን ጥያቄ ሲሰማ የአንድ ክኒን ስም ይጠብቅ ይሆናል። የመድኃኒቶቹ ታሪክ የሚያስተምረን ግን ሌላ ነው፤ መድኃኒት ትክክለኛ ሆኖ የተገኘው ሰዎች የሆነውን ሁሉ ሳይሸሽጉ በተናገሩበት ቦታ ነው። ልብን ረጋ ብሎ እንዲመታ የሚያደርገው ዲጎክሲን ከሚገኝባቸው ዕፀዋት ወገን የሆነውን ፎክስግላቭ የተባለ ባለ አበባ ተክል ለሕክምና ያስተዋወቁት እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግ ናቸው። የመድኃኒቱን ጭምጭምታ የሰሙት አንዲት ባልቴት በምሥጢር ትጠብቀው ከነበረ፣ ከ20 በላይ ቅጠላ ቅጠል ከተቀላቀለበት የቤተሰብ መድኃኒት ነበር። ዊዘሪንግ ለአሥር ዓመታት መርምረው እ.ኤ.አ. በ1785 መጽሐፍ ሲያሳትሙ፣ የዳኑትን ብቻ መርጠው አልጻፉም፤ ያልተሳካላቸውንና መድኃኒቱ የጎዳቸውንም አብረው ጻፉ። ከእርሳቸው በኋላ የመጡ ሐኪሞች በሚፈውሰውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ የተማሩት ከእነዚያ ከተጻፉት ውድቀቶች ጭምር ነው። የባልቴቲቱ ምሥጢር ለጥቂቶች ጠቅሞ ይሆናል፤ ለዓለም የተረፈው ግን ግልጹ ጽሑፍ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ የባሰ ብርቱ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የልብ ድካም ደርሶባቸው የተረፉ ሰዎች የልብ ምታቸው ሲዛነፍ፣ ሐኪሞች ኤንካይናይድና ፍሌካይናይድ የተባሉ መድኃኒቶች ያዙላቸው ነበር። መድኃኒቶቹ የምቱን መዛነፍ በእርግጥ ያጠፉ ነበር፤ በወረቀቱ ላይ ያለው መስመር ይስተካከላል፤ ሐኪሙም በሽተኛውም ደስ ይላቸዋል። ይሁን እንጂ ጉዳዩ በጥንቃቄ ተመርምሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲታተም፣ ከ1,498 ሕሙማን መካከል 89ኙ ሞተው ተገኙ፤ ከእነዚህም 63ቱ መድኃኒቱን ይወስዱ የነበሩ፣ 26ቱ ብቻ መድኃኒት የሌለበት አምሳያ ክኒን ይወስዱ የነበሩ ናቸው። ምልክቱ ጠፋ፤ ሰውየውም አብሮ ጠፋ። መርማሪዎቹ ይህን አሳዛኝ እውነት በአደባባይ ባይናገሩ ኖሮ፣ መልካም የመሰለው መድኃኒት እስከ ዛሬ ሰው በፈጀ ነበር። ከዚህ የምንረዳው፣ ትክክለኛው መድኃኒት ሕመምን የሚያስመስል ወይም የሚሸፍን ሳይሆን ሰውን የሚያቆይ መሆኑን ነው።

ሦስተኛው ዋርፋሪን ነው፤ በሕዝቡ ዘንድ የደም ማቅጠኛ የሚባለው መድኃኒት። የዚህ መድኃኒት ዘር የተገኘው በሰሜን አሜሪካ የተበላሸ ድርቆሽ በልተው ደማቸው እየፈሰሰ ከሚሞቱ ከብቶች ነበር። በ1948 እ.ኤ.አ. ለአይጥ መርዝነት ለገበያ ቀረበ፤ በ1954 ለሰው ተፈቀደ፤ በማግሥቱ ዓመትም የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የልብ ድካም ባገኛቸው ጊዜ ከዚሁ ታከሙ። በመርዝና በመድኃኒት መካከል ያለው ልዩነት ልክ ነው። ልኩ ደግሞ ከሰው ሰው፣ ለአንዱ ሰውም ከወር ወር ይለያያል። ስለዚህ ሐኪሙ አይ.ኤን.አር. በተባለ የደም ምርመራ እየተመለከተ መጠኑን ይጨምራል ይቀንሳል፤ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ላለባቸው በአብዛኛው የሚፈለገው ውጤት ከ2 እስከ 3 ያለው ነው። ከዚያ ሲወርድ ደም ይረጋል፤ ሲያልፍ ደም ይፈስሳል። ቀደም ሲል በጠቀስነው የ14ቱ አገሮች ጥናት የደም ማቅጠኛ ከታዘዘላቸው ሕሙማን መካከል በሚፈለገው ልክ ላይ የተገኙት ከመቶ 28 ያህሉ ብቻ ነበሩ። መድኃኒቱ ተገኝቷል፤ ልኩ ግን አልተገኘም።

ልኩ ስለምን ይጠፋል? የምርመራው እጥረትና ዋጋው አንድ ምክንያት እንደሆነ የታወቀ ነው። ስለ ሌላው ምክንያት ግን ብዙ አይነገርም። ጀሞ ካሉት የጋራ መኖሪያ ቤቶች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር አንዲት እናት በሐሳባችን እንሣል። ደረጃውን ስትወጣ በየፎቁ ትቆማለች፤ ልቧም ሥርዓት አጥቶ ይመታል። ዋርፋሪን ታዞላታል። ጾም ሲገባ ከወትሮው ይልቅ ጎመን ታዘወትራለች፤ በጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል እንደሚቀንስ የነገራት የለም። ቀጥላም ጠበል ለመጠመቅ ሁለት ሳምንት ሄደች፤ በዚያ ሰሞን ክኒኑን ተወችው። የቀጠሮዋ ቀን ሐኪሙ «መድኃኒቱን በትክክል እየወሰዱ ነው?» ብሎ ሲጠይቃት፣ «አዎን፣ አንድም ቀን አላጓደልኩም» ትላለች። ሐኪሙ ቃሏን አምኖ፣ ደሟ ግን እንዳልቀጠነ አይቶ፣ መጠኑን ከፍ ያደርጋል። እርሷም ጾሙ ሲፈታ ወደ ቤቷ ተመልሳ ከፍ ያለውን መጠን አንድም ቀን ሳታጓድል ትወስዳለች። ከዚህ በኋላ ደሟ ቢፈስስ የጎዳት መድኃኒቱ ነውን፣ ሐኪሙ ነውን፣ ወይስ ያች አንዲት ቃል?

ይህች እናት ግን በተለምዶ እንደምንረዳው ውሸታም አይደለችም። ለመጥቀም ወይም ለማታለል ብላ አልዋሸችም፤ ከአፏ የወጣው ቃል የይሉኝታ ቃል ነው። የተማረ ሰው ፊት «አጥፍቻለሁ» ማለት ከበዳት፤ እንዳያዝንባት፣ እንዳይቆጣትም ፈራች። ይሉኝታ በማኅበራዊ ኑሯችን ብዙ መልካም ነገር የጠበቀልን ባሕርይ ነው፤ ሰውን ፊት ለፊት እንዳናዋርድ፣ እንግዳን እንዳናሳፍር ያስተማረን እርሱ ነው። ነገር ግን በሐኪም ፊት ቦታውን ይስታል። ለሐኪሙ የሚገባው አክብሮት እርሱን ማስደሰት አይደለም፤ በፍርዱ እንዳይሳሳት እውነቱን መስጠት ነው።

እዚህ ላይ ተጠያቂው በሽተኛው ብቻ አለመሆኑን ሳንናገር ብናልፍ ፍርድ ማጓደል ይሆንብናል። እውነት ለመስማት የሚፈልግ ሰው እውነት የሚነገርበትን ስፍራ ማዘጋጀት አለበት። በበሩ ብዙ ሰው ተሰልፎ የሚጠብቀው ሐኪም ድካሙ ይገባናል፤ ሆኖም «ለምን አልወሰዱም?» ብሎ በቁጣ የሚጠይቅና «ስንት ቀን አለፈዎት?» ብሎ በእርጋታ የሚጠይቅ ሐኪም የሚያገኙት መልስ አንድ አይሆንም። ጎመኑንም ቢሆን መከልከል አያስፈልግም፤ የሚበላው መጠን ከሳምንት ሳምንት እንዳይዋዥቅና ለውጥ ሲኖር እንዲነገር ማስረዳት ብቻ ይበቃ ነበር። ጠበልንና ክኒንን እንደ ጠላቶች የሚያስቀምጥ አነጋገርም ከሁለቱም ወገን መታረም አለበት። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምም መድኃኒትም ከእግዚአብሔር መሆናቸውን እያስረዳ፣ በሽተኛው እንዲጸልይም ለሐኪሙ ቦታ እንዲሰጥም በአንድነት ይመክራል። ስለዚህ ወደ ጠበል የሚሄድ ሰው ክኒኑን በኪሱ ይዞ ቢሄድ እምነቱ አይጎድልበትም፤ ለሐኪሙም መሄዱን ቢነግር አያፍርበትም።

ሌላው የመደበቅ ዓይነት ከቤተሰብ የሚመጣ ነው። በባህላችን ክፉ ወሬ ሥርዓት አለው፤ መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ይነገራል እንጂ እንደ ድንጋይ አይወረወርም። ከዚህም የተነሣ ብዙ ቤተሰቦች ሐኪሙን ወደ ጎን ወስደው «ለእርሷ አይንገሯት፣ ለእኛ ይንገሩን» ይላሉ። ይህ ልመና የሚመነጨው ከፍቅር መሆኑ አያጠያይቅም፤ መርዶን በወግ መንገርም ታላቅ ጥበብ ነው። ነገር ግን መርዶ ሲዘገይ የሞተውን አይጎዳውም፤ የልብ ሕመም ሲደበቅ ግን ሕይወት ያለውን ሰው ይጎዳል። ለምን እንደሚወስደው የማያውቀውን ክኒን ሰው ደኅና የሆነ በመሰለው ቀን ይተወዋል። ምት የተዛባበት ልብም ብዙ ጊዜ ደኅና የሆነ ይመስላል። ስለዚህ ከባህላችን አነጋገሩን፣ ማለትም ጊዜ መምረጡን፣ ቃል ማለስለሱንና አብሮ መቀመጡን እንውሰድ፤ መደበቁን ግን እንተው።

ከሁሉም የሚከብደው በጋብቻ ደጃፍ ላይ የሚነሣው ጥያቄ ነው። ከላይ እንዳየነው ከበሽተኞቹ የሚበዙት ወጣት ሴቶች ናቸው። ዋርፋሪን በተለይ በእርግዝና መጀመሪያ ወራት ፅንስን ሊጎዳ ይችላል፤ የጠበበ የልብ በር ያላት ሴትም እርግዝና ራሱ ሊከብዳት ይችላል። አንዲት ልጃገረድ ይህን ለእጮኛዋ ብትናገር ትዳሯ እንዳይቀርባት ትፈራለች፤ ፍርሃቷም ከንቱ አይደለም፤ «ልብ በሽተኛ ናት» ተብሎ የተመለሰ ሽምግልና መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን። ሕመሟን ለመንደሩ ሁሉ የመናገር ግዴታ የለባትም፤ የሰው ገመና ክቡር ነው። ነገር ግን ሕይወቱን ከሕይወቷ ጋር ለሚያስተሳስር ሰው እውነቱ ይገባዋል፤ እርሷም በእውነት ላይ የቆመ ትዳር ይገባታል። ከማርገዟ በፊት ከሐኪም ጋር ተመካክራ መድኃኒቷን ማስተካከል የምትችለውም ባሏ ሲያውቅ ነው፤ ደብቃ ያገባች ሴት ክኒኗን የምትውጠውም ተደብቃ ነው። እዚህ ላይ ግን ከልጅቷ ይልቅ የሚወቀሰው፣ እውነት የተናገረችን ሴት በመተው የሚቀጣው ኅብረተሰብ ነው። እውነትን የምንጠይቅ ከሆነ እውነት የተናገረውን መጠበቅ አለብን።

በመጨረሻም ስለ ዋጋ እንናገር፤ ድህነትም የሚደበቅ በሽታ ነውና። ገንዘብ አልቆበት ክኒኑን በቀን መዝለል ወይም ለሁለት መክፈል የጀመረ ሰው ይህን ለሐኪሙ ከመናገር «ረሳሁት» ማለት ይቀለዋል። ቢናገር ግን ርካሽ በሆነ ሌላ መድኃኒት ሊተካለት፣ ወደ ከነማ ወይም ወደ ቀይ መስቀል መድኃኒት ቤት ሊመራ፣ ስለ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅንም ሊነገረው ይችል ነበር። ውድ የሆነ ሁሉ የተሻለ ነው ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። ተደጋጋሚ የደም ምርመራ የማይፈልገው ሪቫሮክሳባን የተባለው አዲስ መድኃኒት የሩማቲክ ልብ ሕሙማንን ከዋርፋሪን ይልቅ ይጠቅም እንደሆነ በ24 አገሮች ከ4,500 በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። ብዙዎች አዲሱ ይሻላል ብለው ጠብቀው ነበር፤ ጥቂት ሰው የሞተባቸው ግን የዋርፋሪን ዓይነት አሮጌ መድኃኒት የወሰዱት ሆኑ። ስለሆነም ዘመድ ከውጭ አገር የላከውን መድኃኒት ሐኪም ሳያማክሩ በቀድሞው መተካት፣ ወይም ለጎረቤት የታዘዘውን ተካፍሎ መውሰድ፣ ፍቅር መስሎ የሚያጠፋ ሥራ ነው።

እንግዲህ ከመነሻችን ያነሣነው ጥያቄ መልሱ ይህ ይመስለናል። በዚህ ሕመም እውነት መናገር ከሕክምናው ውጭ የቆመ በጎ ምግባር ብቻ አይደለም፤ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው። ሐኪሙ ያለ እርሱ ልኩን አያገኝም፤ ቤተሰቡ ያለ እርሱ መርዳት አይችልም፤ በሽተኛውም ያለ እርሱ ብቻውን ይቀራል። ዕዳው ደግሞ የሦስቱም ነው፤ በሽተኛው ይናገር ዘንድ፣ ሐኪሙ ሳይቆጣ ይሰማ ዘንድ፣ ቤተሰብና ጎረቤትም የተናገረውን እንዳያሳፍሩ። ከመካኒሳ እስከ ለቡ፣ ከጎፋ እስከ ላፍቶ በየጤና ጣቢያው ተራ ይዘው የሚጠብቁ ወገኖቻችን ስማቸው ሲጠራ ይዘውት ሊገቡ ከሚገባቸው ነገር ሁሉ የሚበልጠው አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ዶክተር፣ ባለፈው ሳምንት ክኒኑን አልወሰድኩም፤ ምክንያቱንም ልንገርዎ።»